ውዱ ስፕሬይ ወይስ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ? ከአንድ የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት የተገኘ ግምገማ

ከመስከረም መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ በወጥ ቤቴ መደርደሪያ ላይ አምስት ዓይነት ማጽጃዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ቆይተዋል። አንደኛው ከውጭ አገር የገባ፣ ሽታው ደስ የሚል፣ ዋጋው ግን የማያስደስት የቅባት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ነው፤ የቀሩት በየሱፐር ማርኬቱና በመርካቶ ሱቆች የሚገኙት አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሲትሪክ አሲድ (ሎሚን የሚያኮመጥጠው አሲድ) እና በረኪና ናቸው። ስፕሬዩን የገዛሁበት ብር አራቱንም ገዝቶ ለታክሲ የሚተርፍ ስለ ነበር፣ ልዩነቱ ዋጋውን የሚመጥን መሆን አለመሆኑን በራሴው ወጥ ቤት ለማየት ወሰንሁ። ብዙ ሰው ላርጎ እያለ የሚጠራውን ፈሳሽ ሳሙና ከግምገማው ያስቀረሁት በየቤቱ ያለ ስለ ሆነና በሰሃን አጠባው ላይ የማነሣው ቅሬታ ስለሌለኝ ነው።

ወጥ ቤቱ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ክፍል ነው። ስቶቭ፣ ፍሪጅ፣ ማይክሮዌቭ፣ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያና ብሌንደር ውስጡ ተጣበው ሲቀመጡ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ቦታ ስላጣ በረንዳ ላይ ነው ያለው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አብዛኛው ጽዳት የሚካሄደው ከጀሪካን በሚቀዳ ውሃ ነው፤ በዚህም ምክንያት አንድ ማጽጃ ምን ያህል ማለቅለቂያ ውሃ እንደሚፈጅ ለእኔ ከሽታውም ከቀለሙም የሚበልጥ መመዘኛ ሆኗል።

በእኛ ወጥ ቤት ትልቁ የቆሻሻ ምንጭ ቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ሲቁላላና ዘይትና በርበሬ ሲገባበት የሚነሣው እንፋሎት ጥቃቅን የዘይት ጠብታዎችን ተሸክሞ ከስቶቩ ጀርባ ባለው ሴራሚክ፣ በቁም ሣጥኑ አናት፣ በአምፖሉም ላይ ሳይቀር ያርፋል። ይህ ቅባት በዕለቱ ከተጠረገ በሙቅ ውሃና በሳሙና ያለ ችግር ይለቃል፤ ሲሰነብት ግን ሙቀትና አየር እያጠነከሩት አቧራውንም እየያዘ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ቡናማ ሽፋን ይሆናል። ስፕሬዩ የተሠራው ለዚህ ዓይነቱ ቅባት ሲሆን፣ እውነቱን ለመናገር በዚህ ሥራው አላሳፈረም። በቁም ሣጥኑ አናት ላይ ዓመት ሙሉ በተጠራቀመው ሽፋን ላይ ረጭቼበት ሦስት ደቂቃ ያህል ከጠበቅሁ በኋላ በጨርቅ ስጠርገው፣ ቅባቱ እንደ ሞቀ ሰም እየተጠቀለለ ተነሣ።

ችግሩ የመጣው ከድስት ጋር ነው። ስፕሬዩን ስገዛ ሻጩን «ለብረት ድስትስ ይሆናል?» ብዬ ጠይቄው፣ «እናቴ፣ ይሄ የማይሆንለት ነገር የለም፤ ድስቱን እንደ መስታወት ነው የሚያደርግልሽ» ብሎኝ ነበር። የጠርሙሱ ጽሑፍ እኔ በማላነበው ቋንቋ ስለ ነበር የሻጩን ቃል ይዤ ወደ ቤት ገባሁ፤ በሁለተኛውም ሳምንት እናቴ የሰጠችኝን ትልቁን የአሉሚኒየም ድስት ከውጭ በኩል ረጭቼ ለሩብ ሰዓት ያህል ተውሁት። ሳለቀልቀው ብርማ የነበረው ገጹ ዥጉርጉር ጥቁር ግራጫ ሆኖ አገኘሁት፤ በእጄም ላይ ጥቀርሻ የሚመስል ነገር ቀረ። እሑድ እናቴ መጥታ ድስቱን ገልብጣ ስታየው «ምን አቃጠልሽበት ልጄ?» አለችኝ፤ እሳት ሳይነካው እንዲህ መሆኑን ለእርሷ ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

ምክንያቱ ከታወቀ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ብርቱ የቅባት ማስለቀቂያዎች በአብዛኛው እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያሉ አልካሊዎች፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆኑ ነገሮች ናቸው፤ አሉሚኒየምን ከጉዳት የሚጠብቀው ገጹን የሸፈነው ስስ የኦክሳይድ ንጣፍ ደግሞ በአልካሊ ይሟሟል። ድስቱን በሲትሪክ አሲድ ውሃ ዘፍዝፌ በስሱ ሽቦ ስፈትገው ብርማነቱ በከፊል ተመልሷል፤ ዥጉርጉሩ ግን ዛሬም ድረስ ይታያል። በመሆኑም ስፕሬዩን ለሴራሚክ፣ ለመስታወትና ለአይዝጌ ብረት የሚረዳ፣ አሉሚኒየም ለሞላበት የአበሻ ወጥ ቤት ግን አደገኛ ዕቃ ብዬ እመዘግበዋለሁ። ያለ ጓንት መጠቀምም አይገባም፤ ቅባት የሚበላ ነገር የእጅንም ቅባት ይበላልና።

ቤኪንግ ሶዳም አልካሊ ነው፤ ኃይሉ ግን እጅግ ለዘብ ያለ ነው። ሦስት እጅ ሶዳ በአንድ እጅ ውሃ ለውሼ ከስቶቩ ጀርባ ባለው ሴራሚክ ላይ ማታ ለጥፌ ጠዋት ስጠርገው፣ ስፕሬዩ በሦስት ደቂቃ የሠራውን ሥራ በአንድ ሌሊትና በትንሽ ፍተጋ አድርሶታል። የሶዳው ቅንጣት ለስለስ ያለ ስለ ሆነ ሽቦ የሚያደርሰውን ጭረት አያመጣም። ከሁሉ በላይ የሚያስመሰግነው ያረረ ድስት ላይ ነው፤ ሽሮ ያረረበትን የአይዝጌ ብረት ድስት ያረረው እስኪሸፈን ውሃ ሞልቼ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ጨምሬ ለዐሥር ደቂቃ ካፈላሁትና እስኪቀዘቅዝ ከተውሁት በኋላ ያረረው ክፍል በእንጨት ማንኪያ ተገፍቶ ተነሥቷል። ይህን በአሉሚኒየም ድስት መሞከር ግን አይመከርም፤ ሶዳም ቢሆን ከውሃ ጋር ሲፈላ አሉሚኒየምን ያጠቁራል። እናቶቻችን ድስት በአመድ ይፈትጉ የነበሩት በከንቱ አልነበረም፤ በእንጨት አመድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ካርቦኔት ከሶዳ የበረታ አልካሊ ስለ ሆነ ቅባትን ወደ ሳሙናነት የመለወጥ ኃይል አለው።

የሶዳው ጉድለት ውሃ ላይ ነው። ከተጠረገ በኋላ ነጭ ዱካ ትቶ ስለሚሄድ ሁለትና ሦስት ጊዜ መወልወልን ይጠይቃል፤ ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መፍትሔ ሆኖ ያገኘሁት በመጨረሻ ላይ አቼቶ በነካው እርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ማለፍ ነው፤ የአቼቶው አሲድ የቀረውን ሶዳ ስለሚያከሽፈው ነጩ ዱካ ወዲያው ይጠፋል።

አቼቶና ሶዳ መጀመሪያውኑ ተቀላቅለው ተአምር ይሠራሉ የሚለውን ምክር ግን ከዚህ ጋር ማምታታት አይገባም። ሁለቱ ሲገናኙ የሚታየው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አረፋው ሲያበቃ የሚቀረው ሶዲየም አሲቴት የሚባል ደካማ የጨው ውሃ ሲሆን፣ የአሲዱም የአልካሊውም ኃይል እርስ በርሱ ተጠፋፍቷል። በዕቃ ማጠቢያው ማስወገጃ ላይ ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ሽታውን ለአንድ ቀን ከማስታገስ በቀር አላተረፈም። ማስወገጃውን በእርግጥ ያጸዳው ከስሩ ያለውን ተፈቺ ክዳን ከፍቶ የተጠራቀመውን ቅባትና የምግብ ፍርፋሪ በእጅ ማውጣቱ ነው። የፈላ ውሃ ማፍሰስም የተለመደ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ቢሆንም፣ የፕላስቲክ ቱቦን ለማልፈስፈስ ይህ ሙቀት ይበቃል። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ከሳሙና ጋር በቂ ነው።

ስለ መቀላቀል ከተነሣ፣ በረኪና ከአቼቶም ሆነ ከሲትሪክ አሲድ ጋር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም፤ ሲገናኙ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በእኔው ወጥ ቤት ስፋት፣ መስኮቱም በተዘጋበት፣ ጥቂቱ እንኳን ሰው ለመጣል ይበቃል። በአንዳንድ የመስታወት ማጽጃዎች ውስጥ ከሚገኘው አሞኒያ ጋር መቀላቀሉም እንዲሁ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በረኪናው ቅባት የማስለቀቅ ችሎታ ስለሌለው በቅባት ላይ ማፍሰሱ ብክነት ነው፤ ሥራው ጀርም መግደል ነው፣ እርሱም አስቀድሞ በሳሙና በታጠበ ገጽ ላይ ነው። ጥሬ ሥጋና ዶሮ የተከተፈበትን መክተፊያ ካጠብሁ በኋላ፣ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና አቅጥኜ ለጥቂት ደቂቃ አቆየውና በንጹሕ ውሃ አለቀልቀዋለሁ። አንድ ሊትሩ ወራት ስለሚያገለግል፣ ከአምስቱ ሁሉ በዋጋው እጅግ የረከሰው እርሱ ነው።

ሲትሪክ አሲድን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ አንድ የውሃ ማፍያ ባልጣልሁ ነበር። የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚመጣ ሲሆን፣ የከርሰ ምድር ውሃ በድንጋይ መካከል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ስለሚወጣ፣ በእኛ ሰፈር ማፍያው ወለል ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው በሳምንታት ውስጥ ነው። ይህ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ሳሙና አይነካውም፣ ሶዳ አይነካውም፣ ውዱ ስፕሬይም ቢሆን ሁለት ጊዜ ተረጭቶበት ምንም አላደረገውም። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ጨምሬ አፍልቼ ለግማሽ ሰዓት ስተወው፣ መጀመሪያ እንደ አምቦ ውሃ ጭስ ጭስ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያም ቅርፊቱ በስስ ስስ እየተላጠ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፤ ውሃውን ስደፋው የማፍያው ወለል እንደ አዲስ ያብረቀርቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በንጹሕ ውሃ አንድ ጊዜ አፍልቶ መድፋት ያስፈልጋል። አቼቶን ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅሎ ማፍላትም ያንኑ ውጤት ይሰጣል፤ ነገር ግን ሽታው ለሁለት ቀን በሻያችን ውስጥ ስለ ተቀመጠ ባለቤቴ «ሰላጣ ነው ወይ የምትቀጂልኝ?» እስከ ማለት ደርሷል።

አሲድ የማይገባበት ቦታም አለ። እብነ በረድ ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት ስለ ሆነ፣ አቼቶና ሎሚ ቅርፊቱን እንደሚበሉ ሁሉ የእብነ በረዱን ገጽ ይበሉትና ያደበዝዙታል። የወጥ ቤት ጠረጴዛችሁ እብነ በረድ ከሆነ በለዘብተኛ ሳሙና ብቻ ይጠረግ።

ወደ ፍሪጅ ስመጣ ስፕሬዩን መደርደሪያው ላይ ትቼዋለሁ፤ ሽታው ወደ ቅቤና ወደ አይብ የሚዘልቅ ማጽጃ ፍሪጅ ውስጥ ምን ይሠራል? በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ በጥብጦ መወልወል በቂ ሲሆን፣ ሶዳው እንደ ሳሙና የራሱን ሽታ አይተውም። ፍሪጁን ከሶኬት መንቀል፣ ተሳቢዎቹንና መደርደሪያዎቹን አውጥቶ ለብቻ ማጠብ፣ መስታወቱ ከቅዝቃዜው እስኪላቀቅ ድረስ ሙቅ ውሃ አለማፍሰስ፤ እነዚህ የታወቁ ናቸው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የበሩን ጎማ ነው። በጎማው እጥፋት ውስጥ የወጥ ጠብታ፣ የፍራፍሬ ጭማቂና እርጥበት ተጠራቅሞ ጥቁር ሻጋታ ያወጣል፤ ጎማው ከደረቀ ወይም ከተጣመመ ደግሞ ቅዝቃዜው ያመልጣል። ያረጀ ጥርስ ቡርሽ በሶዳው ውሃ እየነከርሁ እጥፋቱን ካጸዳሁ በኋላ አንድ የብር ኖት በሩ ላይ ዘግቼ እስበዋለሁ፤ ያለ ምንም መያዝ ተስቦ ከወጣ ጎማው በዚያ በኩል አይገጥምም ማለት ነው። የእኔው ከታች በኩል እንደማይገጥም ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው።

በረዶ የሚይዝ ዓይነት ፍሪዘር ከሆነ ግግሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ ማቅለጥ ይገባል። በቢላ መፈንቀል የብዙ ፍሪጆች ሞት ምክንያት ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለው የጋዝ ቱቦ ስስ ስለ ሆነ አንዲት ቀዳዳ ትበቃዋለች። ሙቅ ውሃ የያዘ ድስት ውስጡ አስቀምጦ በሩን መክፈት ግግሩን ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ማላቀቅ ጀምሮልኛል። ከፍሪጁ ጀርባ ያለውን የብረት መረብ በዓመት ሁለት ጊዜ በደረቅ ቡርሽ ከአቧራ ማጽዳትም ሞተሩን ከድካም ያሳርፋል። ውስጡ ከ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ እንዳይሞቅ መጠበቅ ግን ከጽዳቱም ይቀድማል፤ መብራት ሲጠፋ በሩን ባለመክፈት ብቻ ቅዝቃዜው ለ4 ሰዓት ያህል ይቆያል።

ማይክሮዌቩ ብዙ የሚባልለት አይደለም። አንድ ጎድጓዳ ሰሃን ውሃ ከግማሽ ሎሚ ጋር ለአራት ደቂቃ አሙቆ፣ በሩን ሳይከፍቱ አምስት ደቂቃ ጠብቆ በጨርቅ መጥረግ ነው። ብሌንደሩም እንዲሁ ነው፤ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ሳሙና ጨምሮ ለግማሽ ደቂቃ ማዞር፣ ከዚያም ከስሩ ያለውን የጎማ ቀለበት ፈትቶ ማጠብ። ቀለበቱን ሳያወልቅ ብሌንደር ታጥቧል የሚል ሰው አንድ ጊዜ አውልቆ ቢያሸተው ሐሳቡን ይቀይራል።

ወጥ የተቀመጠበት ፕላስቲክ ዕቃ ላይ የሚቀረውን የበርበሬ ቅላት በአምስቱም ሞክሬ፣ አምስቱም አልረዱኝም። በረኪናው አደበዘዘው እንጂ አላጠፋውም፤ ስፕሬዩም ፕላስቲኩን አሻከረው። የበርበሬ ቀለም በውሃ የማይሟሟ፣ በቅባት ግን የሚሟሟ ስለ ሆነ የረዳው የምግብ ዘይት ነው፦ ደረቁን ዕቃ ጥቂት ዘይት በነካው ሶፍት ሳሸው ሶፍቱ ቀላ፤ ቀጥሎ በሳሙና ታጥቦ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲውል የቀረው ቀለም እየሳሳ ሄደ። የእርድ ቢጫም በፀሐይ ብርሃን ይለቃል። ለዚህ የከፈልሁት ዋጋ የአንድ ማንኪያ ዘይት ብቻ ነው።

ሁሉም የሚታጠብበት ስፖንጅ ራሱ ቆሻሻ ከሆነ ግን ማጽጃው ምንም ቢሆን አይረባም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት 14 ያገለገሉ የወጥ ቤት ስፖንጆችን መርምሮ 362 ዓይነት ባክቴሪያዎች አግኝቶባቸዋል፤ ተመራማሪዎቹም ስፖንጁን አዘውትሮ ከማፍላት ይልቅ በየሳምንቱ መለወጡ እንደሚሻል መክረዋል። እኔ አንዱን ስፖንጅ በመቀስ ለሁለት ቆርጬ በሳምንት ግማሽ እጠቀማለሁ፤ ከተጠቀምሁ በኋላም ጨምቄ አየር በሚያገኝበት አቆመዋለሁ። እርጥብ ሆኖ ሳሙና ውስጥ ማደሩ ነው የሚያበላሸው።

በመጨረሻም ከአምስቱ አንዱም የማይነካቸው ሁለት ዕቃዎች አሉ፤ ምጣዱና ጀበናው። ሸክላ ቀዳዳ ያለው ነገር ስለ ሆነ የተሰጠውን ሁሉ ይጠጣል፤ ሳሙና ከሰጡት ሳሙናውን ለእንጀራውና ለቡናው ይመልሳል። ቤታችን ለጥቂት ጊዜ የረዳችን ልጅ ለመልካም ብላ ምጣዱን በስፕሬይ አጥባው ነበር፤ ስለ ነገርኋት ደንግጣ «እትዬ፣ እንዲያበራ ብዬ ነው» አለችኝ። ቀጥሎ የተጋገሩት ሦስት እንጀራዎች ከምጣዱ አልላቀቅ ብለው ተቆራረጡ፤ ዓይናቸው እንኳን በወጉ አልወጣም። ምጣዱ ወደ ቦታው የተመለሰው ጎመን ዘር ቆልተን፣ ደቁሰን፣ እያጋልን ደጋግመን ካሟሸነው በኋላ ነው። ለኤሌክትሪክ ምጣድ ደረቅ ማሰሻ ይበቃዋል፤ ከሥሩ የተዘረጋው ሽቦ ኃይሉ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚሆን ውሃ ወደዚያ መፍሰስ የለበትም፤ የሚጠረገውም ከሶኬት ተነቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ጀበናም ዝቃጩ ተደፍቶ በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ተለቅልቆ ሲደፋ ይበቃዋል።

ከአምስቱ መካከል ዳግመኛ የገዛኋቸው ሲትሪክ አሲድን፣ ሶዳንና በረኪናን ነው። አቼቶው አላለቀም፤ ሰላጣውም ይጋራዋል። ስፕሬዩ ከግማሽ በላይ ቀርቶት ከመደርደሪያው ወርዷል፤ በአሁኑ ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ የቁም ሣጥኑን አናት ለማጽዳት ብቻ ይወጣል፤ በቀረው ጊዜ የሚቀመጠው ከእናቴ ድስት ራቅ ብሎ በረንዳው ጥግ ነው።